ልጅ ድፍረትን የት ይማራል? ጓደኝነትና ዓይን አፋርነት በጎንደርና በሰሜኑ ደጋ

እንግዳ በገባበት የጎንደር ቤት ሁሉ «ና፣ ሰላም በል!» የሚል ትእዛዝ ይሰማል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፤ እጁን ይሰጥና ወደ ጓዳ ይሸሻል። እናት «ይኼ ልጅ ዓይን አፋር ሆነብኝ» ስትል እንግዳው «ተይው እቴ፣ ጨዋ ልጅ ነው» ይላል። ያው ልጅ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከአራዳ ገበያ ጀርባ ባለ ቅያስ በካልሲ ኳስ ሲጫወት፣ በዕድሜ ከሚበልጡት ጋር «አልነካኝም! ጎል ነው!» እያለ ሲሟገት ይገኛል።

ሁሉም ልጅ ግን ቅያሱ ውስጥ አይገኝም። «ልጄ ከሰው አይቀላቀልም፣ ጓደኛ የለውም፣ ክፍል ውስጥ አፉን አይከፍትም» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። የሚሰጠው መልስም አብዛኛውን ጊዜ ምክር ነው፦ አበረታቱት፣ አታሸማቅቁት፣ ከሰው ቀላቅሉት። ምክሩ ክፋት የለውም። ይሁንና ስለ ደጋው ሕዝብ አስተዳደግ የተጻፈው፣ በክልሉ የተሞከሩት ፕሮግራሞችና በሌላው ዓለም የተደረጉት ጥናቶች ጎን ለጎን ሲታዩ ወደ ሌላ ቦታ ያመለክታሉ። ልጅ የሚደፍረው በእኩዮቹ መሀል የሚጠበቅበት ሥራ፣ የሚደርሰው ተራ፣ እሱ ሲቀር የሚጎድል ድርሻ ሲኖረው ነው። ጎንደርና አካባቢዋ እንዲህ ያለ ድርሻ በብዛት የሚያድል ሥርዓት ነበራቸው። የዛሬው ጭንቀት በአመዛኙ የመጣው ያ ሥርዓት ሲሳሳ ትምህርት ቤት ቦታውን ስላልሞላ ነው።

በአዋቂ ፊትና በእኩያ ፊት

ስለ ደጋው አማራ አስተዳደግ ሲነሣ ብዙ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሰምና ወርቅ» ነው። ሌቪን በመንዝ ያየውን መሠረት አድርጎ፣ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መታዘዝን እንደሆነ ጽፏል፤ በታላላቆች ፊት ዝም ማለትን፣ ሲጠሩት መሮጥን፣ ሲላክ አለማጉረምረምን። ተመራማሪዋ ኢቫ ፖሉሃ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆችን ተከታትላ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ይኸው የበላይና የበታች ሥርዓት ከቤት ወደ ክፍል እንደሚሻገርና መንግሥታት ሲለዋወጡ እሱ እንደሚቀጥል አሳይታለች።

ከእነዚህ ሥራዎች ብዙ አንባቢ ይዞት የሚወጣው ልጁ በአዋቂ ፊት የሚያሳየውን ገጽ ነው። ሌላው ገጽ ግን ለጥያቄያችን ይበልጥ ይጠቅማል። በጃናሞራና በደባርቅ ደጋ የገብስ ማሳ ከጭላዳ የሚጠብቁት ልጆች ናቸው። ከብት የሚጠብቁትም እነሱ ናቸው፤ የየቤቱ መንጋ አንድ ሜዳ ላይ ሲቀላቀል ልጆቹም ይቀላቀላሉ። ትልቁ ያዛል፣ ትንሹ ያፈነገጠችውን ጊደር ይመልሳል፣ ተራው ሲደርስም ያርፋል። እዚያ አዲስ የመጣ ልጅ «እንተዋወቅ» ማለት አያስፈልገውም፤ ከብቶቹ ያስተዋውቁታል። በገና ሰሞን በቆልማማ ዱላ ሩሯን ለመምታት ሁለት ጎራ ሲለይ ደግሞ ሰው ስለሚያጥር ደካማውም፣ ዝምተኛውም ይፈለጋል።

የቡሄን አጨፋፈር ደረጃ በደረጃ ብናየው ጥሩ መምህር የነደፈው ይመስላል። አንድ አውራጅ አለ፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ዓይን አፋሩ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት ከኋላ ቆሞ፣ ዱላውን መሬት እየመታ ይቀበላል። ድምፁ ለብቻው አይሰማም፤ ካልኖረ ግን ጭፈራው ይሳሳል። በሁለተኛው ዓመት ሙልሙል ተሸካሚ ወይም ገንዘብ ያዥ ይሆናል። ከዚያ አንድ ማታ አውራጁ ድምፁ ሲዘጋ «አንተ አውርድ» ይባላል። በየደጃፉ ቆሞ የማያውቁትን ባለቤት በስም እያሞገሱ ስጦታ መጠየቅ ለአሥር ዓመት ልጅ ቀላል ድፍረት አይደለም፤ ነገር ግን ብቻውን አይደለም፣ ምን እንደሚል ያውቃል፣ ቀኑም የእሱ ነው። ለሴቶቹ በእንቁጣጣሽ የአበባየሆሽ ዙረት ይህንኑ ይሠራል።

ቤት ውስጥም መውጫ ነበረ። በእንቆቅልሽ ጨዋታ ላይ ልጁ ጠያቂ፣ አያትየው ተጠያቂ ይሆናሉ። መልሱን ካላወቁት አገር ይሰጣሉ፤ ልጁም አገሩን ተቀብሎ፣ በአገሩ ሆኖ ሲዘባበትባቸው ማንም ባለጌ አይለውም። ቀኑን ሙሉ «ዝም በል» የተባለ ልጅ ማታ ጎንደርን ተረክቦ አያቱን የሚገዛበት የተፈቀደ ሰዓት ነበረው ማለት ነው። ከዚህም ያነሰ የሚመስል፣ ግን በየቀኑ የሚደረግ ነገር መላላክ ነው። «እነ እትዬን ቡና ጠጡ በያቸው» ተብላ የምትላክ የስድስት ዓመት ልጅ በር ታንኳኳለች፣ መልእክት ትናገራለች፣ መልስ ይዛ ትመለሳለች። ሱቅ የተላከ ልጅ መልሱን ቆጥሮ ይቀበላል፣ ከጎደለው ይከራከራል። ጎረቤት ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ የጎረቤት ልጆችም እንዲሁ።

ከቤቱ ርቆ በሄደ ልጅ ላይ ይህ ሥርዓት ሲፈተን የሚታየው በአብነት ትምህርት ቤት ነው። ጎንደር በአቋቋም የታወቀች ናት፤ በአታ ለማርያም ሲባል የአገሩ ደብተራ ሁሉ ያውቀዋል። ከሩቅ አገር ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ የመጣ ቆሎ ተማሪ ዘመድ የለውም። የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ ግን ጎጆ የሚጋራው፣ አብሮት ለቁራሽ የሚወጣ፣ ከውሻ የሚከላከልለት፣ የሚያስቀጽለው ታላቅ ይኖረዋል። እሱም ትንሽ ሲገፋ ከሱ በኋላ የመጣውን ያስቀጽላል። በጎንደሩ የአዲስ ዓለም ሰፈር መድረሳዎችም ሉሕ ይዞ የገባ ትንሽ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ከፍ ካለው ተማሪ ነው። ዕድሜን መቀላቀል እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ከእኩዮቹ ጋር የሚፈራ ልጅ ከታናሹ ጋር መሪ ሆኖ ራሱን ያየዋል።

ያልደረሳቸው

ይህን ሥርዓት ማወደስ ቀላል ነው፤ ለማን እንዳልደረሰ መቁጠርም ያስፈልጋል። ወንዶች ሜዳ ላይ ሲውሉ ሴቶቹ ውኃ ሲቀዱ፣ እንጨት ሲለቅሙ፣ ታናሽ ሲያዝሉ ይውሉ ነበር፤ ያለዕድሜ ጋብቻ ደግሞ ከጓደኞቻቸው አንድ ቀን ቆርጦ ይለያቸዋል። የአንጥረኛ፣ የሸማኔና የሸክላ ሠሪ ልጆች በቡዳ ስም ተሸሽተዋል። በወለቃና በሌሎች መንደሮች የኖሩት ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ይህን በደንብ ያውቁታል። አካል ጉዳተኛ ልጅ ከእንግዳ ዓይን ሲደበቅ ኖሯል። እረኝነቱም ቢሆን ከትምህርት ገበታ ያስቀረ ሸክም ነበር። ስለዚህ ወደ ድሮው እንመለስ ማለት መልስ አይሆንም። መልሱ ያ ሥርዓት የሠራበትን መንገድ ይዞ ያልደረሳቸውን መጨመር ነው።

ዝምተኛ ልጅ ታማሚ ነው?

በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በጎንደር የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ዘንድ ማኅበራዊ ፍርሃት ከሦስቱ አንዱን ገደማ እንደሚይዝ አግኝቷል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። በዚህ ዓይነት ጥናት በሰፊው የሚያገለግለው መለኪያ በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተዘጋጀ 17 ጥያቄ ያለው ቅጽ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ሥልጣን ያላቸውን ሰዎች ትፈራለህ ወይ የሚል ነው። የኔታን፣ አባቱንና ሹሙን እንዲያከብርና እንዲፈራ ተኮትኩቶ ያደገ ወጣት እዚህ ላይ ምን ይመልስ? አስተዳደጉ ራሱ ነጥብ ይቆጥርበታል። ይህ ማለት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ፈተና በቃል ሲሆን የሚንቀጠቀጥ፣ ምግብ በሰው ፊት መብላት ያቃተው፣ ከትምህርት ቤት የቀረ ወጣት አለ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል የሚፈለገውም ለእሱ ነው። ከአዋቂ ፊት አንገቱን የደፋውን ሁሉ ግን እዚያ መዝገብ ላይ ማስፈር ስሕተት ይሆናል።

ለዚህ ክርክር የቻይና ልጆች ነገር ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ተመራማሪው ሺንዪን ቼንና ባልደረቦቹ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሻንጋይንና የካናዳን ልጆች አነጻጸሩ። በካናዳ ዓይን አፋሩ ልጅ በእኩዮቹ ሲገፋ፣ በሻንጋይ ግን ይወደድና ለመሪነትም ይታጭ ነበር። ተመራማሪዎቹ በ1990፣ በ1998ና በ2002 እ.ኤ.አ. በሻንጋይ የተወሰደውን መረጃ ደርድረው ሲያዩት ታሪኩን ተገልብጦ አገኙት። ገበያውና ውድድሩ ከተማዋን ሲለውጣት በ2002 ዓይን አፋሩ የሚገፋና የሚተክዝ ሆኗል። በ12 ዓመት ውስጥ የተለወጠው ለጠባዩ የሚሰጠው ዋጋ ነው። የጎንደር እናትና እንግዳ በአንድ ልጅ ላይ ሁለት ፍርድ የሚሰጡትም ለዚህ ነው፤ እንግዳው የሚናገረው ልጁን ጨዋ ስላለው ዓለም ነው፣ እናት የምታስበው የሥራ ቃለ መጠይቅ ስለሚጠብቀው ዓለም።

ይኸው ግጭት በአንድ ሌሊት የደረሰባቸው የጎንደር ቤተ እስራኤል ልጆች አሉ። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ ከዚያም በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ሲጓዙ ልጆቹ የተማሩትን ጨዋነት ይዘው ሄዱ። ዓይንን ሰበር አድርጎ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መምህር ፊት መቆም አክብሮት መሆኑ ቀርቶ እንደ ችሎታ ማነስ ተቆጠረ። ለብዙዎች አዲስ የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው፤ ታዳጊዎቹ ከወላጅ ተለይተው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ለመምህር የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ልጁ ዝም ያለው ስላላወቀ ነው ብሎ ከመፍረድ በፊት ዝምታ በቤቱ ምን ትርጉም እንዳለው መጠየቅ ይገባል።

የተረሳና የተገፋ

ጓደኛ የሌላቸውን ልጆች አንድ ላይ ማየትም ያሳስታል። በ1982 እ.ኤ.አ. ኮይ፣ ዶጅና ኮፖቴሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ልጆችን «ከክፍልህ ማንን ትወዳለህ፣ ማንን አትወድም?» ብለው በመጠየቅ ሁለት ዓይነት ብቸኛ ልጅ ለዩ፦ ማንም ስሙን የማያነሣው የተረሳ ልጅና ብዙዎች አንወደውም የሚሉት የተገፋ ልጅ። በኋላ የተደረገ ሙከራ እንዳሳየው የተረሳው ልጅ አዲስና ትንሽ ቡድን ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ይፈታል። የተገፋው ግን በአዲሱ ቡድንም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገፋል፤ መጋፋቱን፣ ጨዋታ ማፍረሱን ወይም ተራ አለመጠበቁን ይዞ ስለሚሄድ። ለመጀመሪያው ቦታ መስጠት ይበቃል። ሁለተኛው ግን አብሮት የሚጫወት አዋቂ ይፈልጋል፤ ሲሸነፍ እንዴት እንደሚቆይ፣ ጨዋታ ለመግባት እንዴት እንደሚጠየቅ ሜዳው ላይ የሚያሳየው። «አይዞህ፣ ድፈር» የሚለው ምክር ለሁለቱም አይረዳም፤ በተገፋው ላይማ ያባብስበታል።

ትምህርት ቤት ምን አደለ?

የመጀመሪያው የእኩዮች መሰብሰቢያ ዛሬ ዜሮ ክፍል ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ጨዋታን ከመማሪያ መንገዶች ዋና አድርጎ ነበር። ብዙ ቦታ የሚታየው ግን በመደዳ ተቀምጦ ፊደል በኅብረት መጮህ ነው። ከፍ ካለ ክፍል ደግሞ ድርሻ ማለት ደረጃ ሆኗል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ከ60 ተማሪ ሦስቱ ስም ያገኛሉ። ሚኒ ሚዲያውን የሚያነበው፣ ባንዲራ የሚሰቅለው፣ በወላጆች ቀን ግጥም የሚያቀርበው ከእነዚሁ ውስጥ ነው። ድፍረት ላለው ድፍረት ይጨመርለታል።

አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ይህን ሊለውጥ ይችል ነበር። ልጆቹ በትንሽ ቡድን መቀመጣቸው ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ጎበዝ ሌሎቹን እንዲያስጠና ሲታዘዝ አምስቱ ተቀባይ ብቻ ይሆኑ ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤሊየት አሮንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. በቴክሳሷ ኦስቲን የሞከረው ዘዴ ከዚህ ይለያል። የዘር መለያየት የቀረባቸው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ልጆቹ ሲጣሉ ትምህርቱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ቁራጭ ሰጠ። ሌሎቹ ያንን ቁራጭ ከእሱ በቀር ከማንም ሊያገኙት ስለማይችሉ ዝምተኛውንም፣ ቋንቋ የሚያጥረውንም ማዳመጥ ግድ ሆነባቸው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። የጎንደር መምህር ስለ ፋሲል ግቢ ሲያስተምር አንዱ ልጅ የፋሲለደስን፣ ሌላዋ የእቴጌ ምንትዋብን፣ ሦስተኛው የኢያሱን ክፍል ይዞ ቢመጣ ሁሉም አስተማሪ፣ ሁሉም ተማሪ ይሆናሉ።

በቺካጎ የሕፃናት መምህርት የነበረችው ቪቪያን ፔሊ ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ አንድ ሕግ አቀረበች፦ እዚህ ክፍል ውስጥ «አንተ አትጫወትም» ማለት ክልክል ነው። ልጆቹ ተቃወሟት፤ ሕጉ ግን ሠራ። የገና ጨዋታ ሰው ስለሚያጥር ያደርገው የነበረውን ሕጉ በትእዛዝ አደረገው።

ሰፈር ሲዘጋ፣ መንደር ሲፈናቀል

ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ለወራት ከእኩያ ተለዩ። ወዲያው የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ዳባትና ደባርቅ ተፈናቃይ ተቀበሉ፣ በዳባት ዓለምዋጭ ኤርትራውያን ስደተኞች ሰፈሩ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ያለው ግጭት ደግሞ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ከትምህርት ውጭ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ አንዲት ሕፃን ታግታ ከተገደለች በኋላ የጎንደር ሕዝብ አደባባይ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ልጁን ሱቅ የማይልክን ወላጅ ማን ይወቅሰዋል? ፍርሃቱ ምክንያት አለው፤ ዋጋውን ግን ልጁ ይከፍላል፤ በር ማንኳኳት፣ መልስ መቁጠር፣ ቅያስ ውስጥ መሟገት ሁሉ አብረው ይቀራሉ። ቦታቸውን ስልክ ይይዛል።

ከገጠር ወደ ደባርቅና ዳባት ለሁለተኛ ደረጃ የሚመጡት ልጆች ግን የድሮውን ሥርዓት በአዲስ መልክ ይዘውታል። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ስንቅ ከቤት ይመጣል፤ አንዱ ወጥ ይሠራል፣ ሌላው ውኃ ይቀዳል፣ ሒሳብ የሚገባው ያስረዳል። ብዙዎቹ ያን ጊዜ ያፈሩትን ጓደኛ ዕድሜ ልክ ይዘውት ይኖራሉ። ለሴቶቹ ግን የኪራይ ቤቱ አደጋም አለበት፤ መብራትና ጥሩ መቆለፊያ ያለው የተማሪ ማደሪያ ከማንኛውም የድፍረት ስልጠና ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

ጓደኝነት ራሱ ፕሮግራም ሲሆን

ድርሻ ላልደረሳቸው ልጆች ሆን ተብሎ ድርሻ የተሰጠበት ምሳሌ ከዚሁ ክልል አለን። ብርሃነ ሔዋን የተባለው ፕሮግራም ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በአማራ ክልል ሞሰቦ በምትባል የገጠር ቀበሌ ተሞከረ። ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች በሴት አስተባባሪ እየተመሩ በቡድን ተሰበሰቡ፤ ከትምህርት ውጭ ያሉት ንባብና ሙያ ተማሩ፣ ትምህርት ላይ ያሉት ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጣቸው፣ ቤተሰቦችም ልጃቸውን ሳይድሩ ካቆዩ ፍየል እንደሚያገኙ ተነገራቸው። በአናቤል ኤሩልካርና በዩኒስ ሙተንጊ የታተመው ግምገማ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ዘንድ ትምህርት ላይ የመቆየት ዕድል ከፍ ብሎ፣ የመዳር ዕድል በጣም ቀንሶ አገኘው። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን የማግባት ዕድሉ እንዲያውም ጨምሮ ተገኝቷል። ይህ ውጤት ሊደበቅ አይገባም፤ ቡድን ብቻውን ሁሉን አይፈታም፣ ቀድሞ መጀመርም ልዩነት ያመጣል።

ብሩህ ተስፋ የተባለው ሁለተኛው ፕሮግራም አዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፋ። ያነጣጠረው በሰው ቤት ተቀጥረው በሚኖሩ፣ ከገጠር በመጡ ልጃገረዶች ላይ ነው። ሴት አስተባባሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ አሠሪዎችን እያሳመኑ ልጃገረዶቹን በሳምንት ለተወሰኑ ሰዓታት ያሰባስቧቸው ነበር። ፊደል መማሩ አንድ ነገር ነው፤ ለብዙዎቹ ግን ስሟን የምታውቅ እኩያ በከተማው ውስጥ ማግኘት የመጀመሪያው ነበር። ጎንደር ውስጥ በየግቢው እንደዚህ ያለች ልጅ አለች። ስለ ልጆች ዓይን አፋርነት ስናወራ የራሳችንን ልጅ ብቻ ካሰብን እሷን ቤት ውስጥ እያለች እንረሳታለን።

ከዳሰሳው የሚወጣው

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት በመጀመሪያ ሊፈተሽ ይገባል። የሚያስቦካው ከሌለ መቼም ማቡካት አይችልም። ወላጅ ሰፈሩ በሚፈቅደው መጠን ልጁን ይላከው፤ መንገዱ የሚያስፈራ ከሆነ እስከ ጎረቤት በር፣ ወይም እኩያውን አስከትሎ። እንግዳ ሲመጣ «ሰላም በል» ከማለት የእጅ ውኃውን እንዲያስታጥብ ማድረግ ይሻላል፤ እጁ ሥራ ሲይዝ አንደበቱ ይፈታል። ለዓይን አፋር ልጅ ብዙ ጓደኛ መፈለግም አያስፈልግም፤ አንድ በቂ ነው፣ በተለይ አብሮት የሚሠራው ነገር ካለ። ከእኩዮቹ የሚፈራውን ደግሞ ታናሹን እንዲያስጠና ማድረግ ያዋጣል።

ትምህርት ቤቶች ላይ ያለው ሥራ ከዚህ ይከብዳል፣ ግን ይቆጠራል። የሚኒ ሚዲያ አንባቢዎች በየሳምንቱ በተራ ይቀያየሩ። ከተፈናቃይ ቤተሰብ የመጣ ልጅ በመጣበት ቀን ሥራ ይሰጠው፤ ጥቁር ሰሌዳ ማጥፋትም ቢሆን፣ ከነባር ልጅ ጋር በጥንድ። የቡሄና የእንቁጣጣሽ ቡድኖች በትምህርት ቤቱ ሽፋን ቢወጡ ወላጅ ይረጋጋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጅ የሚገናኝበት የእንቆቅልሽና የገበጣ ውድድር ለማዘጋጀት ደግሞ ጥቂት ጠጠርና አንድ ከሰዓት በቂ ነው።

የአንድ ክፍል መምህር ወሩ ሲያልቅ የተማሪዎቹን ዝርዝር ይዞ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ በዚህ ወር ስሙ ተጠርቶ ሌሎቹ የሚጠብቁትን ሥራ ያልተቀበለ ማነው? ያ ልጅ ዓይን አፋር ይሁን ወይም አይሁን ገና አናውቅም። የሚታወቀው ትምህርት ቤቱ እስካሁን ቦታ እንዳልሰጠው ነው፤ የሚቀጥለው ወር ሥራም ከእሱ ይጀመር።